ቡድሂዝም፦ ተከታዮቹ ዘመኑን፣ ሌሎችም እነርሱን እንዴት ያያሉ?



ስለ ሌላው ሃይማኖት ስንናገር በአብዛኛው የምንገልጠው የራሳችንን ፍላጎት ነው። ዛሬ ይህን በቡድሂዝም አብነት ለማሳየት እሞክራለሁ።

በቅርባችን ካለው ልጀምር። እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 «በረላም ወይዋስፍ» የተሰኘውን ድርሳን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። ይዋስፍ ሕማምን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ ዙፋኑን በመተው የመነነ የሕንድ ልዑል ነው። የታሪኩ ሥር የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ ስሙም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የሳንስክሪት ቃል የወረደ ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት የ«በ» እና የ«የ» ድምፅ ፊደላት በቃል መነሻ ላይ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ተለውጦ ተነበበ። እንዲህም የቡድሃ ታሪክ በክርስቲያን መናኝ ስም ወደ ገዳሞቻችን ገባ። አባቶቻችን በሩቁ ሰው ያዩት የሚያውቁትን ምናኔ ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ያየችው ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ምሁር ባርተሌሚ ሴንት ኢሌር ኒርቫናን ፈጽሞ መጥፋት አድርጎ ተረጎመው፤ ቡድሂዝምም የተስፋ ቢሶች እምነት ተባለ። የስሪላንካው አናጋሪካ ዳርማፓላ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተካሄደው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ እምነቱን ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር የሚስማማ አድርጎ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመስጦን ከእምነቱ ለይቶ ለሕሙማን የጭንቀት ማስታገሻ አደረገው።

ቡድሂስቶች ራሳቸው ዘመኑን ሲመረምሩ አንድ ድምፅ የላቸውም። መሠረታዊው ትምህርት የሥቃይ ምንጭ የማይረካ ጥማት መሆኑን ያስተምራል። በየዕለቱ አዲስ ፍላጎት በሚፈበርክ ገበያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ከባድ ተግሣጽ ነው። ለዶክተር አምቤድካር ግን ይህ ብቻ በቂ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 በናግፑር ከተማ፣ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር ቡድሂዝምን ሲቀበሉ፣ ሥቃይ ከሰው ልብ ብቻ ሳይሆን ሰውን ከሰው ከሚያበላልጠው የካስት ሥርዓትም እንደሚመነጭ ያምኑ ነበር።

ክርክሩ መልካም ገጽታ ብቻ የለውም። በምያንማር እ.ኤ.አ. በ2007 መነኮሳት ወታደራዊውን አገዛዝ በመቃወም አደባባይ ወጡ። በኋላ በዚያው አገር አንዳንድ መነኮሳት በሙስሊሞች ላይ ጥላቻን ሰበኩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው የሠራዊቱ ዘመቻም ከ700 ሺህ በላይ ሮሂንጋዎች ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ቡድሂዝምን የሰላም ምልክት ብቻ አድርገው የሣሉ ብዙዎች ይህን ለማመን ተቸገሩ። ውዳሴም እንደ ነቀፋ ዐይንን ይጋርዳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ስደተኛው ነው።

ውድ ተማሪዎቼ፤ አንድን እምነት ለማወቅ ስትሹ ተከታዮቹ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበትን ጉዳይ አድምጡ። ስለ ጎረቤታችሁ እምነት ስትጽፉም ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ ባለቤቱ ቢያነበው «አዎን፣ ይህ እኛን ይመለከታል፤ እኛም የምንሟገትበት ነው» ሊል ይችላልን?