ስለሚጥል በሽታ ለሠፈሩ ነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር



ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ ክብሪት ለኩሶ የሚያሸት፣ አረፋው ይጋባል ብሎም የሚሸሽ ዛሬም አይጠፋም። ክብሪት አያድንም፤ ሕመሙም የአንጎል ነውና በአረፋ አይተላለፍም።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት 316 ሕሙማን አግኝቶ ነበር። ተገቢውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም። እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩ። መድኃኒቱ ግን ያኔም አዲስ አልነበረም፤ ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚሁ ሕመም ሲሰጥ የኖረ ነው።

እኛ የኮሚቴው አባላት ይበልጥ የምንሰጋው ማቋረጡን ነው። ሕመሙ ጥቂት ወር ጋብ ሲል፣ ወይም ጸበል ሲገባ፣ ኪኒኑ ይጣላል። ጸበሉን ማን ከለከለ? ኪኒኑ በድንገት ሲቆም ግን ሕመሙ ያለ ፋታ እየደጋገመ ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያቁመው።

የወደቀውን ሰው ከምድጃ አርቁት፤ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አይግባ። ሰዓት እዩ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መኪና ያላችሁም፣ እባካችሁ፣ ያን ጊዜ «ወንበሩ ይበላሽብኛል» አትበሉ።