የዕጣን ዛፋችን ተተኪ ለምን አጣ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በመጋዘን ስለገባው ዕጣን ከእኔ በፊት የተናገሩት በሰፊው አስረድተዋል። እኔ የምናገረው ስለ ዛፉ ዘር ነው። ጫካ የምትወጡ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ያለው ትልልቅ ዛፍ ብቻ ነው፤ ወጣት ዛፍ ማየት ብርቅ ሆኗል። ይህ የእኛ ወረዳ ችግር ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር ፍራንስ ቦንገርስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ከታዩት የዕጣን ዛፍ ደኖች ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትንንሽ ዛፍ የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል።

የዕጣን ዛፍ የሚያብበውና የሚያፈራው ቅጠሉ ረግፎ ባለበት በበጋ ነው። አበባውንና ፍሬውን የሚቀልበው በክረምት ካጠራቀመው ስንቅ ነው። እኛም ልጡን የምንፍቀው በዚያው በበጋ ነው። ቁስሉን በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ እያሰፋን ስንመላለስበት ስንቁ ወደ ዕጣን ይሄዳል፤ ለዘሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በኤርትራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ካልተፋቁ ዛፎች የተለቀመው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በብርቱ ከተፋቁት የተገኘው ግን የበቀለው ከ16 በመቶ በታች ነው።

«እንግዲያው መፋቁን እናቁምና ጫካው ይመለስ» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ብቻ አልስማማም። በሰሜን ኢትዮጵያ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ሥራ፣ የሚፋቁትም የማይፋቁትም ደኖች እያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስም ተንብዮ ነበር።

ምክንያቱ ቡቃያው ላይ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ዓመት አይጠብቅም፤ ዝናቡ አብቅሎት ለሳምንታት ከጠፋ የዚያ ዓመት ቡቃያ አለቀ ማለት ነው። ዝናቡ ደህና በሆነ ጊዜም እንኳ ቡቃያው በበጋ ከላይ ይደርቅና በክረምት ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። እንዲህ እየደረቀ እየለመለመ ሥሩን እስኪያጠነክር ዓመታት ይፈጅበታል። በእነዚያ ዓመታት ድርቅ ሲደራረብበት ይዳከማል። ከብቱ ያቆጠቆጠውን ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል፤ በበጋ ለሣር ተብሎ የሚለቀቀው እሳት ደግሞ የተረፈውን ይጨርሰዋል። ዝናቡን ማዘዝ አንችልም፤ ከብቱንና እሳቱን ግን መከልከል እንችላለን።

ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር ከጫካው አንድ ክልል ለይቶ ከከብትና ከእሳት ይጠብቅ፤ በውስጡ ያሉት ዛፎችም ለዘር ሳይፋቁ ይረፉ። ሣሩ እየታጨደ ወደ ቤት ይወሰድ፤ ይህ በሌላ ቦታ በተከለለ መሬት የተለመደ ነው። እሳት መከላከያ መንገድ መጥረጉ ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሚከብደው ሌላ ነው። ክልሉ ሲዘጋ ገቢው የሚቀርበት ለቃሚው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሌላ ሥራ የሌለው ወጣት ነው። የእሱን ድርሻ ማኅበሩ ብቻውን ይሸፍን ማለት ትክክል አይመስለኝም። ከትርፍ ክፍፍሉ በፊት ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ እንዲነሣ ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚከለለውን ቦታ ከለቃሚዎቹና ከከብት አርቢዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ፣ መፋቁ ሳይጀመር ብታሳውቁን ወሰኑን አብረን ወርደን እንለካለን።