የታይሮይድ ዕጢ ሕመም በዕድሜና በፆታ



በኢትዮጵያ የታይሮይድ ዕጢ ስም ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው እንቅርት ነው። እንቅርት በዓይን ይታያል፤ በእጅም ይዳሰሳል። ይሁን እንጂ የዚህ ዕጢ ሕመም ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ምልክት ሳያሳይ ይጎዳል፤ መልኩም እንደ ሕመምተኛው ዕድሜና ፆታ ይለዋወጣል። ከሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ምልክት የሚጠብቅ ሐኪም በሽታውን በፊቱ አስቀምጦ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ዕጢው ሳይፈጠር ወይም በሚገባ ሳይሠራ የሚወለድ ሕፃን ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት መካከል አንድ ያህል ነው። ከእናቱ ያገኘው ሆርሞን ለጥቂት ጊዜ ስለሚደግፈው ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። እንቅልፍ ቢያበዛና ባያለቅስ፣ ጨዋ ልጅ ተብሎ ይመሰገናል። ሕክምናው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዘገየ መጠን ግን የአእምሮው ዕድገት ይጎዳል፤ የጠፋውንም በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት አይመልሰውም። በካናዳ፣ በኩቤክ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ከሕፃናት ተረከዝ በሚወሰድ ደም ምርመራ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጉርምስና በኋላ ሚዛኑ ወደ ሴቶች ያዘነብላል። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1912 ሲገልጽ፣ አራቱም ሕመምተኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሰውነት የራሱን ዕጢ የሚያጠቃባቸው እንዲህ ያሉ ሕመሞች በሴቶች ዘንድ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበዛሉ። በወለዱ በአንድ ዓመት ውስጥም ከ100 እናቶች 5 ያህሉን የዕጢው መቆጣት ይይዛቸዋል፤ ድካሙና ትካዜው ግን ከአራስነት ተቆጥሮ ይታለፋል።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ለነፍሰ ጡር 250 ያስፈልጋል። አስቀድሞ አዮዲን ለጎደላት ሴት እርግዝናው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንባታል፤ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእርሷ ሆርሞን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ ስለ አዮዲን ጨው የወጣው ደንብ ጥቅሙ ከሁሉ ይልቅ የሚጎላው በዚህ ላይ ነው።

በወንዶች ዘንድ የዕጢው ሕመም ያነሰ መሆኑ ሊያዘናጋ አይገባም። በወንድ ዕጢ ላይ የሚገኝ እባጭ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በሴት ከሚገኘው ከፍ ያለ ነው።

በአረጋውያን ዘንድ ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ የእጅ መንቀጥቀጡና የዓይን መፍጠጡ ላይኖሩ ይችላሉ። የሚታየው ክሳት፣ ድብታና የተዛባ የልብ ምት ብቻ ሲሆን፣ ቤተ ሰብ እርጅና ነው ብሎ ይቀመጣል። በአንጻሩ፣ ዕጢውን የሚያነቃቃው ሆርሞን ከዕድሜ ጋር በመጠኑ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በ737 አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ መጠነኛ ለሆነው የዕጢ ድክመት የተሰጠው መድኃኒት የሕመም ስሜታቸውን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ስለሆነም በሽተኛውን ጤነኛ ማለትም ሆነ ጤነኛውን በመድኃኒት ማሰር ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

እንግዲህ በካርዱ ራስ ላይ የሚጻፉት ዕድሜና ፆታ የምርመራው መጀመሪያ ይሁኑ፤ ለሴት ሕመምተኛም መቼ እንደ ወለደች መጠየቅ አይዘንጋ።