የጉበት ስብና ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.፦ በአሶሳ የሚነበበው ቁጥር



የጉበት ስብ በሽታ ብዙ ዘመን ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ደረጃውን በእርግጠኝነት ለማወቅ በመርፌ ከጉበት ቁራሽ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ ይህን የሚያነበው ሐኪም ግን በአገራችን ጥቂት ከመሆኑም በላይ በአብዛኛው የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትርቀው አሶሳ፣ ይልቁንም ከእርሷ ወዲያ ላለው የሸርቆሌና የኩርሙክ ነዋሪ፣ ጥቂት ደም ብቻ ሰጥቶ መመርመር ቢቻል እፎይታው ቀላል አይሆንም።

ለዚህ ተስፋ የተጣለበት ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የተባለው ቅንጣት ነው። ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ ያሳወቁትና በ2024 የኖቤል ሽልማት ያሰጣቸው ይኸው ቅንጣት ርዝመቱ 22 ፊደል ያህል ነው። ራሱ ፕሮቲን አይሠራም፤ የፕሮቲንን ትእዛዝ የሚያደርሰውን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ይገታል እንጂ። መሐንዲስ እንደ ቫልቭ ቢመለከተው አይሳሳትም፤ ልዩነቱ አንዱ ቫልቭ ብዙ ቧንቧዎችን በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቡ ነው።

በጉበት ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ሚር-122 ነው። ይህ ቅንጣት እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ጉበታቸው በስብ ይሞላል፤ ኋላም ይጠባሰላል፣ ነቀርሳም ያበቅላል። ሚር-33 ኮሌስትሮል ከሕዋስ እንዳይወጣ ያግዳል። ሚር-34ኤ ደግሞ ከሌሎች ሦስት መለኪያዎች ጋር ኒስ4 በተባለው የደም ምርመራ ውስጥ ገብቷል። እነዚህ ቅንጣቶች በደም ውስጥ በቀላሉ አለመበስበሳቸው በ2008 እ.ኤ.አ. መታወቁ ለቆላ አገር ትልቅ ነገር ነው። የሚለካቸው የፒ.ሲ.አር. መሣሪያም ቢሆን ከ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በክልሎች እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ችግሩ ያለው ከንባቡ ላይ ነው። የጉበት ሕዋስ ሲጎዳ ሚር-122 ወደ ደም ይፈሳል፤ የጎዳው ስብ ይሁን ሌላ ግን አይናገርም። ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» የሚለው ቢጫነት እንኳ ስንት ምንጭ አለው! የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ አለ፤ ወባ አለ፤ በደንብ ባልደረቀ ለውዝ ላይ ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን አለ፤ አረቄውም አለ። በትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው የፈጀው የጉበት ሕመም ከእህል ጋር ከተቀላቀለ የአረም መርዝ ጋር የተያያዘ ሆኖ መገኘቱም አይዘነጋም።

እንግዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ሕሙማን ላይ የተወሰነውን የወሰን ቁጥር እንዳለ አምጥቶ በአሶሳ ደም ላይ መለጠፍ፣ የግፊት መለኪያን ልኩን ሳያርሙ በማያውቀው መስመር ላይ እንደ መግጠም ነው። መለኪያው እዚያው ሊታረም ይገባዋል፤ ይኸውም ከጤነኛው፣ ከቫይረሱ ተሸካሚና ጉበቱ ስብ መያዙ በአልትራሳውንድ ከታየው ነዋሪ ደም ወስዶ በማነጻጸር ነው። ሥራው ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲና ለክልሉ ሆስፒታሎች የተገባ ነው። እስከዚያው ድረስ አልትራሳውንዱ፣ የስኳርና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው፣ የወገብ መለኪያውም ሜትር ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ መነሳት የለባቸውም።