በቴሌቪዥን ፊት የተሰበሰበ ርዳታ

የመሥሪያ ቤት ሰው ድምር ሲነገረው ዝርዝሩን መጠየቅ ልማዱ ነውና፥ ዛሬ አንድ ትልቅ ድምር ከነዝርዝሩ አቀርብላችኋለሁ።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሲሆን፥ ሕዝቡ በመኝታው ሳለ፥ በደቡብ ቱርክና በሰሜን ሶርያ መጠኑ 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ሌላ ብርቱ መንቀጥቀጥ ተከተለ። በቱርክ ብቻ ከ50,000 የሚበልጥ ሰው ሞተ።

የካቲት 8 ቀን ከ200 በላይ የሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ከ500 በላይ የሆኑ የራዲዮ ጣቢያዎች «ቱርክ አንድ ልብ» የተባለውን ፕሮግራም በአንድነት አስተላለፉ። ዝነኞች ሰዎች ከቴሌፎኑ አጠገብ ተቀምጠው የሰጪውን ስምና የሚሰጠውን ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። በዚያች አንድ ሌሊት ቃል የተገባው ገንዘብ 115 ቢሊዮን ሊራ፥ በጊዜው ምንዛሪ 6 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ደረሰ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ 30 ቢሊዮን፥ የመንግሥት የሆኑት ዚራዓት ባንክ 20፥ ቫክፍ ባንክ 12፥ ሃልክ ባንክ 7 ቢሊዮን ሊራ ሰጡ። የአራቱ ብቻ 69 ቢሊዮን፥ ማለት ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ነው። ተቀባዮቹ ደግሞ የመንግሥት የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤትና የቱርክ ቀይ ጨረቃ ማኅበር ነበሩ። መዝገብ የያዘ ሰው ይህን ሲያይ፥ አብዛኛው ገንዘብ ከአንዱ የመንግሥት ሂሳብ ወደ ሌላው መዛወሩን ወዲያው ይረዳል።

ይህን ስል ገንዘቡ አልጠቀመም ማለቴ አይደለም፤ ብርድ ላይ ለወደቀ ሰው ድንኳኑ ከየትኛው ከረጢት እንደ ተገዛ አያሳስበውም። ስም እየተጠራ ሲሰጥም ሌላው ይነሣሣል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ በእኛም ዘንድ የምናየው ነው። ነገር ግን በጀት ሲሆን የሚመረምረውና የሚጠይቀው አለ፤ ስጦታ ሲሆን የሚያጨበጭብለት ብቻ ነው። ከደመወዙ ቀንሶ ጥቂት ሊራ የላከው ሠራተኛ ስጦታም ከእነዚያ ቢሊዮኖች አጠገብ ሲነበብ ኢምንት ይመስላል፤ ከራሱ ጉርስ የሰጠ ግን እርሱ ነበር።

በዚያው የካቲት ወር ሌላ ወሬ ተሰማ። ቀይ ጨረቃው በአደጋው ሰሞን 2,050 ድንኳኖችን አሕባብ ለሚባል የርዳታ ድርጅት በ46 ሚሊዮን ሊራ ሸጦ ኖሯል። ሹማምንቱ ድንኳኑን የሸጠው በማኅበሩ ሥር ያለ ኩባንያ ነው፥ ትርፍም አላገኘበትም ሲሉ መለሱ። ሆኖም የገዢውም ገንዘብ ከሕዝብ የተለመነ ነበር፤ ሻጩም ከዚያው ሕዝብ ይለምን ነበር። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት በግንቦት ወር ሥራቸውን ለቀቁ።