ከጭምብሉ ሥር ያለው ማን ነው?





የዛሬውን ርእስ ያመጡት ደረሶቻችን ናቸው። ቀን ትምህርት ቤት ውለው ማታ መድረሳ የሚመጡት ልጆች ደጋግመው ይጠይቁናል፦ «እነዚያ ነጭ ጭምብል ያጠለቁት፣ አኖኒመስ የሚባሉት፣ የመንግሥትና የኩባንያ ኮምፒውተር ሰብረው የሚገቡት ሰዎች ጀግኖች ናቸው ወይስ ወንጀለኞች?» «ተዉት፣ አይጠቅማችሁም» ብለን ብናልፈው ልጆቹ መልሱን ከሌላ ቦታ ያገኙታል። ስለዚህ የሆነውን ነገር አንስተን እንመዝነው።

ለጠላፊዎቹ ከሚመሰክርላቸው እንጀምር። ጣሊያን ውስጥ፣ ሚላን ከተማ፣ ሐኪንግ ቲም የሚባል ኩባንያ ነበር። ንግዱ ለመንግሥታት የስለላ ሶፍትዌር መሸጥ ነበር። ሶፍትዌሩ አንዴ ከገባ የምትጽፈውን ያነብ፣ የይለፍ ቃልህን ይወስድ፣ ማይክሮፎንህን ሳታውቅ ይከፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተሰኘ የምርምር ማእከል፣ በዚህ ሶፍትዌር በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞችን ለመሰለል መሞከሩን ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ የተላከላቸው ተራ ሰነድ መስሎ በስካይፕ ነበር። ኩባንያው ግን ደንበኞቼን አልናገርም አለ።

በ2015 ጁላይ ወር ፊኒያስ ፊሸር በሚል ስም የሚታወቅ ጠላፊ ኩባንያውን ራሱን ሰብሮ ገባና 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነድ ዓለም ፊት ዘረገፈው። የውስጥ ደብዳቤው፣ ደረሰኙ፣ የደንበኞቹ ስም ሁሉ ወጣ። የአገራችን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ አንዱ እንደነበር በሰነዱ ታየ። ለጎረቤት ሱዳን የደህንነት መሥሪያ ቤት የተጻፈ የ480 ሺህ ዩሮ ደረሰኝም ተገኘ።

ልብ በሉ፤ ይህን ያወጣው ፍርድ ቤት አይደለም፣ ምክር ቤትም አይደለም። በሕግ ቋንቋ ሌባ የሚባል ሰው ነው ያወጣው። ዲናችን የሰውን ገመና መሰለልን፣ ተጀሱስን፣ ይከለክላል። ሰላዩን የሰለለውስ? እኛ መምህራኑ በዚህ ላይ ተከራክረን አልተስማማንም። ሆኖም የተሰለሉት ሰዎች እውነቱን ማወቃቸው ክፉ ሆነ ለማለት ከመካከላችን የደፈረ አልነበረም።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ኩባንያው ለስለላው ሲል ደብቆ የያዛቸው፣ አዶቤ ፍላሽ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የነበሩ ቀዳዳዎችም ከሰነዱ ጋር አብረው ወጡ። ፍላሽ ያኔ በብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ቀናት ሳይቆጠሩ የኢንተርኔት ሌቦች ቀዳዳዎቹን አንስተው በማንም ሰው ላይ ይጠቀሙባቸው ጀመር። የዘራፊውን ጎተራ ሰብሮ ለሕዝብ ያሳየው ሰው፣ እዚያ ያገኘውን የየቤቱን ቁልፍም መንገድ ላይ በትኖት ሄደ እንደ ማለት ነው። ፍላሽ ከመጫን በቀር ምንም ያላደረጉ ሰዎች ከፈሉ።

ከዚህ የሚከብደው የስትራትፎር ጉዳይ ነው። ስትራትፎር የአሜሪካ የግል የመረጃ ኩባንያ ነበር። በ2011 መጨረሻ ከአኖኒመስ ጋር የተያያዙ ጠላፊዎች ገብተው ኢሜይሎቹን ወሰዱ፤ ዊኪሊክስም በሚቀጥለው ዓመት ማሳተም ጀመረ። በዚህ ብቻ ቢቆሙ ክርክሩ ሌላ በሆነ። ግን የ60 ሺህ ያህል የክሬዲት ካርድ ተጠቃሚዎችን መረጃ ጨምረው ወሰዱ፣ በካርዶቹም ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ወጪ ተደረገ። ከፊሉን ለእርዳታ ድርጅቶች ላኩት፤ ከሀብታም ወስዶ ለድሃ መስጠት መሆኑ ነው። በሰው ገንዘብ ሰደቃ አለ ወይ? የካርዱ ባለቤት ለባንኩ ሲያመለክት ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል፤ የእርዳታ ድርጅቱ ደግሞ የማያውቀውን ጣጣ ይሸከማል። እንዲህ ያለውን ጀግንነት ለልጆቻችን አናስተምርም።

ደግሞም የዚያን ጊዜ ማን መሪ እንደነበር ስሙ። ከታወቁት ጠላፊዎች አንዱ ራሱን ሳቡ ብሎ ይጠራ ነበር፤ ሄክተር ሞንሴጉር የሚባል የኒውዮርክ ሰው ነው። ኤፍ ቢ አይ በ2011 ጁን ላይ ይዞት ለፖሊስ መሥራት ጀምሯል። ስትራትፎር የተሰበረው ከዚያ በኋላ ነው። ከስትራትፎር የተዘረፈው መረጃ የተቀመጠበትን ሰርቨር እንኳ ያቀረበው እሱ ነበር፣ በፖሊስ ትእዛዝ። የጠለፋው ተሳታፊ ጄረሚ ሐመንድ 10 ዓመት ተፈረደበት። ሳቡ ግን በ2014 ፍርድ ሲሰጠው ቀድሞ የታሰረው ሰባት ወር በቂ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁሉም ጭምብል ባጠለቀበት ጉባኤ ወንድሜ የምትለው ማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

ትንንሾቹም አልተረፉም። በ2010 መጨረሻ ለዊኪሊክስ የሚሰጥን መዋጮ አናስተላልፍም ባሉት በፔይፓል፣ በቪዛና በማስተርካርድ ላይ ዘመቻ ሲደረግ ብዙ ወጣቶች አንዲት ነፃ ፕሮግራም አውርደው ቁልፍ ተጫኑ። ፕሮግራሟ የተጠቃሚውን አድራሻ አትደብቅም ነበር። በአሜሪካ ከፔይፓል ጥቃት ጋር በተያያዘ 14 ሰዎች ክስ ቀረበባቸው።

እኛን በቀጥታ የሚነካን ደግሞ ይህ ነው። በ2015 ኖቬምበር ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ፣ በአኖኒመስ ስም በአይ ኤስ ላይ ጦርነት ታወጀና በሺዎች የሚቆጠሩ የትዊተር አካውንቶች «የአሸባሪ» ተብለው ተለጠፉ። ትዊተር ዝርዝሩ እጅግ የተሳሳተ ነው አለ። ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች ነበሩበት፤ በዐረብኛ ከመጻፍ በቀር ሌላ ጥፋት ያልተገኘባቸውም ነበሩበት። ያለ ማስረጃ አሸባሪ መባል ምን እንደሆነ ለዚህ ጀመዓ አናስረዳም። መንግሥት ቢወነጅልህ ቢያንስ የምትከራከርበት ችሎት ይኖራል፤ ዳኛው ቢያዳላም ስም አለው፣ ፊቱ ይታያል። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ስምህን ቢያጠፋ ለማን አቤት ትላለህ?

ፊኒያስ ፊሸር ያወጣው ሰነድ ጠቅሞናል፤ ይህን አንክድም። የካርዱን ዘረፋና የስም ዝርዝሩን ግን ወንጀል እንላቸዋለን፣ የሠራቸው ማንም ይሁን። ሁለቱን በአንድ ጭምብል ሸፍኖ «ጀግና» ወይም «ወንጀለኛ» ብሎ መጥራት ደረሶቻችንን ያሳስታል። እኛ ለመብታችን የቆምነው በገዛ ፊታችን፣ በስማችን፣ መስጂዳችን ግቢ ውስጥ ነው። ወጣቶቻችን ኮምፒውተር ይማሩ፣ ጠልቀው ይማሩ፤ ግን ማንነቱን ለማያውቁት አዛዥ ቁልፍ አይጫኑ።

የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተሞከረው በተላከ ፋይል እንደነበረ አትርሱ። ከማታውቁት ሰው፣ ወይም ከምታውቁት ሰው ሳትጠብቁት ፋይል ቢመጣ፣ ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትክፈቱ። የስልካችሁን የይለፍ ቃል አጠባበቅ ለማሳየት ዛሬ ከዒሻ በኋላ ከመድረሳው ታላላቅ ደረሶች ሁለቱ በኋለኛው ሰፍ ይቀመጣሉ፤ እናቶችና እህቶች በሴቶች በኩል ያለችውን ኡስታዛ ጠይቁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።