ሕመሙ ሲበረታ ቋንቋው ለምን ይርቃል? የጤና መረጃ ከባንኮ ጎቲቲ እስከ ዲላ



የዛሬው ርእሴ፣ ሕክምና የሚሰጥበትን ቋንቋ በሚገባ ለማያውቅ ሰው የጤና መረጃ እንዴት ይደርሰዋል የሚል ነው። በውጭው ዓለም ጉዳዩ የሚጠናው «የእንግሊዝኛ ችሎታቸው ውስን የሆኑ ሰዎች» በሚል ስያሜ ነው። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 13166 ለእነዚህ ሰዎች አገልግሎት ተደራሽ እንዲሆን ያስገድድ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ተሽሯል። የዋሽንግተን ከተማ በበኩሏ በ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። እዚያ አስተርጓሚ የሚሻው አማርኛ ተናጋሪው ነው። እዚህ ጌዴኦ ዞን ውስጥ ግን አማርኛ ራሱ ታማሚው እንዲያውቀው የሚጠበቅበት ቋንቋ ሆኖ ይቆማል፤ ከበስተጀርባው ደግሞ እንግሊዝኛው አለ።

አንድ የባንኮ ጎቲቲ ነዋሪ ሲታመም የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። መጀመሪያ የሚደርሰው ጤና ኬላው ዘንድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞቹን ከአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲመለምል ሆኖ በመቀረጹ፣ እዚያ የምትቀበለው ልጅ የምታነጋግረው በጌዴኡፋ ነው። የፕሮግራሙ ትልቁ ጥበብ ይህ ይመስለኛል፤ በሪፖርት ላይ ግን በቋንቋነቱ ተመዝግቦ አላየሁትም። ሕመሙ ሲጠና ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ እዚያ ቋንቋው እንደ ተረኛው ባለሙያ ነው። ሲብስበት ይርጋ ጨፌንና ወናጎን አልፎ ዲላ ይደርሳል። ሐኪሙ ከሌላ የአገራችን ክፍል የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው በአማርኛ፣ ካርዱ በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ጉንፋኑን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያስረዳው ሰው የቀዶ ሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። ሕመሙ በበረታ መጠን ቋንቋው ይርቃል።

«የጌዴኦ ሕዝብ አማርኛ ይሰማል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ብዙው ይሰማል፤ ኦሮምኛም የሚናገረው ብዙ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይኸው ከፊል ዕውቀት ነው። ፈጽሞ ያልተግባቡ ሰዎች አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፤ የተግባቡ የመሰላቸው አይፈልጉም። በ1980 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ በኩባ ስፓኒሽ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ወይም የጠጣው ነገር ሳይስማማው ታመመ ለማለት ነበር። ሐኪሞቹ ቃሉን ከእንግሊዝኛው ጋር አመሳስለው የአደንዛዥ መድኃኒት መመረዝ አድርገው ወሰዱት። በአንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ቀናት አለፉ፤ ወጣቱም እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። አስተርጓሚ የጠራ አልነበረም፤ ሁሉም ገብቶናል ብሎ ነበርና።

የእኛው አማርኛ ከዚህ የረቀቀ ወጥመድ አለው። ሐኪሙ «በየስምንት ሰዓቱ ውሰድ» ይላል። «በስምንት ሰዓት» ግን ከቀትር በኋላ ያለች አንዲት ሰዓት ናት። ልዩነቱ ያለው በአንዲት «የ» ላይ ነው። አማርኛን ከገበያ የለመደ ሰው ይህችን ፊደል ባይሰማት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሊዋጥ የታዘዘ መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ይዋጣል። ከመድኃኒት መደብሩ በኪኒኑ ከረጢት ላይ «1×3» ተብሎ ሲጻፍለትም፣ አንዱን ሦስት ጊዜ ይሁን ሦስቱን በአንድ ጊዜ ምልክቱ ራሱ አይነግረውም።

ክፍተቱን ዛሬ የሚሞላው ማን ነው? አስታማሚው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ተማሪ ልጅ። በአንድ የጤና ተቋም የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ተመልክቻለሁ። ነርሷ ስለ ወር አበባ ጠየቀች። ልጁ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ፤ ከዚያም ለእናቱ አንድ አጭር ነገር ተናገረ፤ እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ካርዱም ላይ ተጻፈ። ምን ተጠየቀች? ምን መለሰች? በካርዱ ላይ የሰፈረው መረጃ የማን ነው? ነርሷን አልወቅስም፤ ከበሩ ውጭ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ የተመደበላትም አስተርጓሚ የለም።

«በራሪ ወረቀቱን በጌዴኡፋ እንተርጉመው» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። መልካም ነው፤ ነገር ግን በየትኛው ፊደል? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከደረሰባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ይኸው ቋንቋ ነበር፤ ያን ጊዜ የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። የዛሬ ተማሪዎች የሚማሩት በላቲን ነው። ስለዚህ አያት የሚያነበውን የልጅ ልጁ፣ የልጅ ልጁ የሚያነበውን አያት ላያነበው ይችላል፤ ምንም ፊደል ያልቆጠረውን ሳንጨምር። እዚህ ድምፅ ከወረቀት ይቀድማል። በስልክ የሚዘዋወር አጭር ቅጂ፣ በሶንጎ ላይ በሽማግሌ ፊት የሚነገር ቃል የበለጠ ይደርሳል።

በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በ2011 ዓ.ም. በጎቲቲ ተጠልለው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የሕፃናቱ የምግብ እጥረት በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተነገረ። የረድኤት ድርጅቶቹ ሪፖርት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ዛሬም ማንም ተመራማሪ ያገኘዋል። የተጻፈለት ሰው ግን ስለ ራሱ የተባለውን ሊያነብ አይችልም። የባንኮ ጎቲቲ ስም በባሕር ማዶ የቡና ከረጢቶች ላይም በእንግሊዝኛ ይነበባል። ከዚህ ቀበሌ የሚወጣው መረጃ እንግሊዝኛ ያገኛል፤ ወደ ቀበሌው የሚመለሰው ግን ጌዴኡፋ አያገኝም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል ዕውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። ዕውቅናው በሆስፒታል ውስጥ የሥራ መደብ ካላገኘ ግን በማስታወክ ላይ ላለች እናት ምን ይረባታል? እኔ የምከራከረው ለዚህ መደብ ነው፦ የሠለጠነ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል የገባ፣ ደመወዝ ያለው የሕክምና አስተርጓሚ፤ ቢያንስ በማዋለጃ፣ በድንገተኛና በቀዶ ሕክምና ክፍሎች። በጀት የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራዋን ጥላ የምታስተረጉምበት ሰዓትም፣ ያለ አግባብ የተወሰደው መድኃኒትም ከዚያው በጀት የሚወጡ ናቸው።

መደቡ እስኪፈቀድ የምንጠብቀው የለም። በ1988 ዓ.ም. በዲላ የከፍተኛ ትምህርት ሲጀመር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ የተከፈቱት በአንድ ኮሌጅ ነበር። የቋንቋ ተማሪዎቻችንና የነርስ ተማሪዎቻችን ዛሬም በአንድ ከተማ ናቸው። ለተግባር ልምምድ ስትወጡ ታማሚውን «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ለትልቅ ሰው አክብሮት ሲል ማንም «አዎ» ይላል። «ቤት ስትደርስ ለባለቤትህ እንዴት አድርገህ ትነግራታለህ?» በሉት፤ በጌዴኡፋም ይናገር፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ይቁም። የተነገረውና ተመልሶ የመጣው የት ላይ እንደተለያዩ መዝግቡ። በመጪው መንፈቀ ዓመት መዝገቡን ይዛችሁ ኑ፤ ከሱ የምናዘጋጀውን የድምፅ ቅጂ ባንኮ ጎቲቲ ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አስቀድመን እናሰማለን፤ የሚታረመውን የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።